መጀመሪያ የራስህን ውሻ

ጋሽ ማቴዎስ ማረፋቸውን የሰማሁት ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ቆሜ ነው። ለትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አልኮልና ጥጥ ገዝቼ፣ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለ።

«ቲቸር፣ የት ነሽ?»

«ሚዛን።»

«ቶሎ ነይ። ጋሽ ማቴዎስ...» ቀሪውን አልጨረሰውም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሳል ብቻ ነበር የያዛቸው። «የጫካ ብርድ ነው፤ ማር ያወጣዋል» ብለውኝ ነበር። ማሩ አላወጣውም።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ታደሰ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። «ዘንድሮም በግ እየተበላ ነው። የቀበሮውን ነገር በዚሁ ሳምንት እንጨርሰዋለን። ከእንግዲህ ቁልፍ ይዞ የሚያስቸግረን ሰው የለም» አሉ።

የሟች ጎረቤት ወይዘሮ አስካለ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «ታደሰ፣ ድንኳኑ እንኳ ሳይፈርስ? አፈሩ እኮ ገና አልደረቀም!» ሊቀመንበሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።  በዚያች ቅጽበት ስለ ጋሽ ማቴዎስ መጻፍ እንዳለብኝ ወሰንኩ። ቁልፉ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ፣ ቀበሮዎቹም ምን እንዳደረጉ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ጋሽ ማቴዎስ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበሩ። ይህ ደመወዝ የሚበሉበት ሥራ ነው። የልባቸው ሥራ ጫካ ገብቶ ቀፎ መስቀል ነበር። አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ዝናብም ፀሐይም የጨረሰው አረንጓዴ ኮፍያ ነበራቸው። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል። ኮፍያው ጉልበት ላይ ከወጣ በኋላ ጋሽ ማቴዎስን የመለሰ ሰው አላየሁም።

አፋቸውን የፈቱት በሸኮኛ ነው። አማርኛ የለመዱት በጉርምስናቸው ቡና እርሻ ላይ የቀን ሥራ ሲሠሩ ስለነበር ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔን «አንተ» ይሉኛል። እዚያ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ላርማቸው ሞክሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ለሴት እኮ አንቺ ነው የሚባለው።»

«እሺ ቲቸር፤ አንተ እንዳልከው» አሉኝ። ተውኩት።

በሁለተኛው ዓመት ዳዊት የሚባል የዩኒቨርሲቲ አጥኚ መጣ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ በጫካው በኩል ያሉት ቀበሮዎችና ከመንገዱ ማዶ በቡናው ውስጥ የሚኖሩት ዛሬም እየተገናኙ ይዋለዳሉ? ወይስ መንገዱና እርሻው ለያይቷቸዋል? ይህን ለማወቅ ቀበሮዎቹን መያዝ አያስፈልገውም። የሚጥሉት እዳሪ ይበቃዋል። ጫካውን የሚያውቅ ረዳት ሲፈልግ ጋሽ ማቴዎስን አገናኘሁት።

ነገሩን ላስረዳቸው ብዬ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እዳሪው በአንጀት ሲያልፍ ከአንጀቱ ግድግዳ የተላጡ ሕዋሳት ላዩ ላይ ይለጠፋሉ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዘረመል የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ። በጽሑፉ ውስጥ አንድ አጭር ቃል ደጋግሞ የሚመጣባቸው ቦታዎች አሉ፤ በአንዱ ቀበሮ ስምንት ጊዜ፣ በሌላው አሥራ አንድ ጊዜ። ልጅ አንዱን ቁጥር ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። እነዚህን ምልክቶች ማንበብ የቻለ ሰው፣ ይህ ውሻ ነው፣ ይህ ቀበሮ ነው፣ ይህች የዚያች ልጅ ናት ማለት ይችላል። ሰሌዳውን ሞላሁት። ሦስት ቀለም ጠመኔ ጨረስኩ።

ጋሽ ማቴዎስ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ቀፎ ነው» አሉ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ና ላሳይህ።»

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የቡናው ጥላ ዛፎች አልቀው ጫካው ከሚጀምርበት ቦታ ወሰዱኝ። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ለመስቀል የተዘጋጁ ሦስት ቀፎዎች ተጋድመዋል። በእያንዳንዱ አፍ አጠገብ በቢላ የተጫረ ምልክት አለ።

«ይሄ የአባቴ ነው፤ ሁለት ሰያፍ። ይሄ የኔ ነው፤ የአባቴ ሁለት ሰያፍ አለ፣ እኔ ከላይ አንድ ጨመርኩ። ይሄ የወንድሜ፤ የአባቴ አለ፣ እሱ ከጎን ጨመረ። ሰውየው ቢሞት፣ ቀፎው ሩቅ ጫካ ውስጥ ቢገኝ፣ የማን ልጅ እንደሰቀለው ይታወቃል። ሌባ ቢወስደውም ምልክቱ ይናገራል። እግዜር በቀበሮ ውስጥም እንዲህ ጭሯል ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጠመኔ ለምን ጨረስክ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ትምህርት የማስተምረው በቀፎ ነው።

ጎበዝ ሰው ስሕተቱም ትልቅ ነው። ዳዊት ብልቃጦቹን ሰጥቶ፣ «በንጽሕና ይያዝልኝ» ብሎ ወደ ከተማ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ጋሽ ማቴዎስ በኩራት ወደ ጓሯቸው ወሰዱን። ቡና በሚደርቅበት የሽቦ አልጋ ላይ፣ ሃያ ያህል የቀበሮ እዳሪ በወንፊት ላይ በውኃ ታጥቦ፣ በመስመር ተሰጥቶ፣ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ቡና ከተለቀመ በኋላ እንዴት እንደሚያዝ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የለም፤ ታጥቧል፣ ተገላብጧል፣ ዝናብ ሲመጣ በሸራ ተሸፍኗል።

ዳዊት ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ የምፈልገው እኮ አጥበው ያስወገዱትን ነው!»

ሕዋሳቱ ያሉት ላዩ ላይ ነው፤ ውኃው ወስዷቸዋል። የተረፈውን ደግሞ ፀሐዩ ጨርሶታል። ጋሽ ማቴዎስ አልጋውን ተመለከቱ። «እንግዲህ አንደኛ ደረጃ አጥቤ አንደኛ ደረጃ አጠፋሁት» አሉና ሁሉንም ጠርገው ደፉት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ናሙና አጠገብ ውኃ ይዞ ካለፈ ወዮለት። አልኮል ያለበት ብልቃጥ፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀን፤ አንድም አይጎድልም። ቁጥሩን ከቦታው የሚያገናኘው ደብተር ከእሳቸው እጅ አይወጣም ነበር።

ሰው ግን ሳቀባቸው። ቡና ለቃሚዎቹ በመንገድ ሲያገኟቸው፣ «ጋሽ ማቴዎስ፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ለቀሙ?» ይሏቸዋል።

«የናንተ ከዛፍ ይለቀማል፣ የኔ ከመሬት። ሲመረመር ግን የኔ አይዋሽም» ብለው ያልፋሉ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ከተሰበሰቡት ውስጥ ሦስቱ የአንዲት ቀበሮ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ከጫካው፣ አንዱ ከቡናው። መንገዱን ትሻገራለች ማለት ነው። ጋሽ ማቴዎስ «ጎረቤቴ» ብለው ሰየሟት። አይተዋት አያውቁም፤ ሆኖም ማለዳ አዲስ እዳሪ ሲያገኙ፣ «እንደምን አደርክ ጎረቤቴ» ይሉ ነበር። እሷንም እንደ እኔ «አንተ» ነው የሚሏት።

ወደ በጉ ልምጣ። በዚያው ዓመት የወይዘሮ አስካለ በግ አንገቱ ተዘንጥሎ አደረ። ባላቸው የሞተባቸው፣ በአራት በግና በጥቂት ቡና የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ጩኸታቸው ሰፈሩን ሰበሰበው። ስብሰባ ተጠራ። ሥጋ በመርዝ ተለውሶ በጫካው ዳር እንዲጣል ተወሰነ። መርዙ ከሆነ ቦታ በካርቶን መጣ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር አልዘጋ ስላለ፣ ትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ተባለ። የንብረት ክፍሉ ቁልፍ በጋሽ ማቴዎስ አንገት ላይ ነበር።

መርዙ የሚወጣበት ቀን ሊቀመንበሩና ርዕሰ መምህሩ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ማቴዎስ፣ ክፈት» አሉ አቶ ታደሰ።

ጋሽ ማቴዎስ በሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን አወለቁ። 

«በጉን ማን በላው?»

«ቀበሮ ነዋ!»

«ማን አየው?»

«ቀበሮ ጠበቃ አቆመ እንዴ?» ከኋላ የቆሙት ሰዎች ሳቁ።

«ጠበቃ አይደለሁም፤ ዘበኛ ነኝ» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። «ቲቸር፣ አንብብላቸው። ክፍሉን ስረከብ የፈረምኩት ነው።»

አነበብኩ። ወንበር፣ አካፋ፣ መጥረጊያ፣ ሁለት ኳስ፣ የተሰበረ ደወል።

«መርዝ አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«ያልተረከብኩትን አላስረክብም» አሉና ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው ሳያነሡ እዚያው እንደተቀመጡ ቆዩ።

ርዕሰ መምህሩ ለመኗቸው፤ ሊቀመንበሩ አስፈራሯቸው። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ቁልፉን ካልሰጡ ከሥራ ይሰናበታሉ። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። አጣጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ ከተቱትና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለሊቀመንበሩ የላኩት መልስ አጭር ነበር፤ ማን እንደበላው በማስረጃ ይታወቅ። ቀበሮ ከሆነ በሩን ራሳቸው ይከፍታሉ። አቶ ታደሰ እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጧቸው።

ማስረጃው ከየት ይመጣል? በግ የነከሰ እንስሳ ምራቁን ቁስሉ ላይ ይተዋል፤ በምራቁ ውስጥም ሕዋስ አለ። ዳዊት በስልክ ይህን ሲነግረን ጋሽ ማቴዎስ ጥጥና ብልቃጥ ኪሳቸው ከተው መጠበቅ ጀመሩ። ብዙም አልጠበቁ። አንድ ማለዳ የወይዘሮ አስካለ ሁለተኛ በግ ሞቶ ተገኘ። ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ደሙን ሊያጥቡ ጀሪካን አንሥተዋል።

«ውኃ አታስጠጋ!» ብለው ጋሽ ማቴዎስ ጮኹ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

«የገዛ በጌን?»

«አስካለ፣ እኔ አንዴ አጥቤ ጉድ ሆኛለሁ። አንተ አትድገመው።»

ከአንገቱ ቁስል ዙሪያ በጥጥ ጠርገው ብልቃጥ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አፉ በጥጥ ይጠረግ አሉ።

«ደግሞ ውሻው ምን አደረገ?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ምንም ካላደረገ አፉን ይክፈት።»

ወደ ሰው ደጃፍ ከመሄዳችን በፊት ግን ወደ ራሳቸው ግቢ ገቡ። ነብሮ የሚባል ቡናማ ውሻ ነበራቸው፤ ቀፎ ለመስቀል ሲሄዱ ከፊታቸው የሚሄድ፣ በዘበኝነታቸውም ሰዓት እግራቸው ሥር የሚተኛ። መንጋጋውን በአውራ ጣታቸው ከፍተው ጥጡን አስገቡ።

«መጀመሪያ የራስህን ውሻ አፍ ክፈት፤ ከዚያ ሰው አፉን ቢከፍትብህም ትችለዋለህ» አሉኝ። ደብተሩ ላይ ቁጥር አንድ፣ ነብሮ፣ የማቴዎስ ብለው ጻፉ። ብልቃጡ ላይ ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው። የትኛው ቁጥር የማን ውሻ እንደሆነ የሚያውቀው ደብተሩ ብቻ ነው።

ብልቃጦቹን ሁሉ ለዳዊት ላክንለት፤ ውጤቱ ከወር በላይ ቆይቶ፣ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በስልኬ መጣ። የዘበኛ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ከበጉ አንገት የተወሰዱት ናሙናዎች የቀበሮ አይደሉም። የሁለት ውሾች ናቸው። አንደኛው ከላካችኋቸው ውስጥ ከየትኛውም ጋር አይመሳሰልም። ሌላኛው ከቁጥር አንድ ጋር አንድ ነው።

ነብሮ እግራቸው ሥር ተኝቶ ጆሮውን ያካል።

ጋሽ ማቴዎስ ደብተሩን ገለጡ። ማየት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ግን ገልጠው አዩ። ሌሊት ግቢውን እንዲጠብቅ ብለው ከሰንሰለት የሚፈቱት ራሳቸው ነበሩ።

አሁን የምናገረው የሚያሳፍረኝን ነው። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ለተማሪዎቼ እውነት ስለሚባል ነገር ብዙ አወራለሁ። ያን ዕለት ግን፣ «ጋሼ፣ ውሻ ነው ብንል ይበቃል እኮ። ቁጥሩን መናገር የለብንም። ውሸት አይሆንም፤ ቀበሮዎቹም ይተርፋሉ» አልኳቸው። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ኮፍያቸው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አቶ ታደሰ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉም አውቃለሁ።

ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ቲቸር፣ ግማሽ መልስ ለጻፈ ልጅ ሙሉ ማርክ ትሰጣለህ?»



በስብሰባው ቀን ሰው ሞልቶ ነበር። እኔ ላንብብ ብላቸው እምቢ አሉ። ቆመው፣ ወረቀቱን ሩቅ ይዘው፣ ቃል በቃል እየቆጠሩ አነበቡ። ውሻ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጉምጉምታ ተነሣ። «ቁጥር አንድ» ካሉ በኋላ ደብተሩን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ቁጥር አንድ ነብሮ ነው። የኔ ነው።»

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። «እንዴ! ሲጮህልኝ ጠበቀኝ እያልኩ አጥንት የምወረውርለት ነብሮ?»

«እሱ ነው።»

«በጌን በልቶ አጥንቴን ደረበበት!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ማቴዎስ አልሳቁም።

አቶ ታደሰ ተነሡ። «በሩን ዘግተህ ስትከራከረን የከረምከው የራስህን ሌባ ልትደብቅ ነው?»

«ደብቄ ቢሆን ኖሮ ደብተሩ የኔ ነው፤ ገጹን እቀደው ነበር» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «ቀበሮውን ያለ ማስረጃ ልትገድሉት ነበር። ለኔ ውሻ ማስረጃ አለ። ፍረዱ። ከሥራም ካላችሁኝ እወጣለሁ። መርዙን ግን ለጫካው አልሰጥም። ጫካው አልበላም።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።  «በጌን በበግ ይተካልኝ፤ ውሻውን ይሰር። እኔ ከቀበሮ ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ካርቶኑ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ የደብዳቤውንም ነገር ያነሣው የለም። ሁለተኛው ውሻ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ነብሮ እስኪሞት ድረስ ሌሊት በሰንሰለት አደረ። ጋሽ ማቴዎስም ምሽት ምሽት አጠገቡ ተቀምጠው እራታቸውን ይበሉ ነበር፤ «አብረን ታሰርን» ይሉኝ ነበር ስጠይቃቸው። ከነብሮ ቡችሎች አንዷን ለእኔ ሰጡኝ።

እንግዲህ ታሪኩ እስከ ድንኳኑ ይህ ነው። ሰኞ ዕለት ርዕሰ መምህሩ አዲስ ዘበኛ እስኪቀጠር ቁልፉን የሚይዝ ሰው ጠየቁ። መምህራኑ ሁሉ ወደ መስኮት ተመለከቱ። እኔ እጄን አወጣሁ። እንደ ልማዴ ዝርዝሩን እያንዳንዱን ቆጥሬ ፈረምኩ፤ ወንበር፣ አካፋ፣ መጥረጊያ፣ የተረፈው አንድ ኳስ፣ የተሰበረው ደወል። ጥግ ላይ አዲስ ካርቶን ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ታመው በተኙበት፣ ቁልፉም በርዕሰ መምህሩ እጅ በነበረበት ሳምንት የገባ ነው። ዝርዝሩ ላይ የለም።

ዓርብ ዕለት አቶ ታደሰ መጡ። በርጩማው አሁንም በሩ ፊት አለ፤ ተቀምጬበት የተማሪዎች ፈተና አርም ነበር።

«ቲቸር፣ ክፈቺልኝማ።»

ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። «ያልተረከብኩትን አላስረክብም።»

 ይህን ቃል የት እንደሰሙት ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ደብዳቤ ይደርስሻል» አሉ።

«ይድረሰኝ። እስኪደርሰኝ ግን ጥጥም አልኮልም አለ። ነገ ጠዋት ውሻዎን ይዘው ይምጡ።»

«የኔን ውሻ? ከኔ ልትጀምሪ ነው?»

ከዘበኛ ቤቱ ያገኘሁትን የጋሽ ማቴዎስን ደብተር ገልጬ አዲሱን ገጽ አሳየኋቸው። የመጀመሪያው መስመር ተሞልቶ ነበር። የነብሮን ልጅ አፍ ያን ዕለት ማለዳ በገዛ አውራ ጣቴ ነው የከፈትኩት።

«የእርስዎ ሁለተኛ ነው» አልኳቸው።